በረዶ ላይ ለመቆም

ሣህሌ የበረዶ ሐይቅ ላይ መቆም እንደሚፈልግ የነገረኝ በ1969 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አሜሪካ ፌርፋክስ ሰፈር ከሚገኘው አፓርታማው በር ላይ ሆነን ነው። እግሮቹ ከከዱት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነበር።

«ጴጥሮስ እንኳ ሰጠመ» አልኩት።

«ጴጥሮስ በሙቀቱ ወራት ሄዶ ነዋ!» አለኝ።

ሣህሌ እንዲህ ነበር። ጉለሌ ተወለደ፤ አባቱ በልጅነቱ ሞተው እናቱ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጥጥ ፈትለው አሳደጉት። ምህንድስና ሊማር አሜሪካ መጣና ሃውቶርን ከተማ ባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ንድፍ ሠሪ ሆነ። በሽታው ጅማቱን ሲይዘው ግን ለእናቱ አልጻፈላቸውም። በሚልክላቸው ፎቶግራፍ ሁሉ ሶፋ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚታየው። በመጨረሻ እናቱ፣ «ልጄ፣ ቁመናህ ናፈቀኝ፤ ምነው ሁልጊዜ መቀመጥ?» ብለው አስጻፉለት።

የበረዶው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። በረዶ ላይ ጤነኛም ሰው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ይደጋገፋል። ግራና ቀኝ ይዘነው፣ በረዶው ተበስቶ ከሥሩ ያጠመደው ዓሣ በእጁ፣ ቆሞ ፎቶ ቢነሣ እናቱ ምንም አይጠረጥሩም።

ሐይቅ መፈለጉ የእኔ ሥራ ሆነ። ካርታ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ፣ በሰሜን ተራሮች ላይ ጎጆ ለሚያከራዩ ሰዎች ሁሉ ስልክ ደወልኩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መኪና ከሚቆምበት እስከ በረዶው ስንት ርምጃ ይሆናል? አንዱ ሐይቅ ቁልቁለት አለበት። የአንዱ መንገድ በብርዱ ወራት አይጠረግም። ሌላው ለመንገድ ቅርብ ነው፤ ግን በረዶው ስስ ነው አሉኝ። አንዲት ሴትዮ ምክንያቴን ብነግራቸው «ቆየኝ» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ወጡ። ሲመለሱ ያለከልካሉ። «ሠላሳ ሁለት ርምጃ፤ ሜዳ ነው» አሉኝ። ስማቸውን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣለሁ።

ጎጆውን ለጥር ሰባት ቅዳሜ ያዝን። ከገና በፊት ግን ከሣህሌ እኅት ደብዳቤ ደረሰኝ። እናታቸው ኅዳር ሃያ ስምንት አርፈዋል። «ብቻውን እንዳይሰማ፤ ሰው ሰብስባችሁ መርዶውን ንገሩት» ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ጋሼ ኅሩይና እትዬ ኤልፍነሽ ዘንድ ሄድኩ። ለእኛ ለወጣቶቹ እንደ ወላጆች ነበሩ፤ ጋሼማ ሣህሌን ሳይቆጡት አይውሉም።

«ከጉዞው ስንመለስ እንነግረዋለን» አሉ ጋሼ ኅሩይ። «ይህን ያህል የጓጓበትን አንቀማው።»

«ፎቶው ለማን ይሆናል ታዲያ፣ ጋሼ?»

ደብዳቤውን ግን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዓርብ ማታ አራታችንም ጎጆው ገባን። ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ ሁለቱን ርምጃ ዊልቸሩን እየገፋሁ ቆጠርኩ። ልክ ነበር። እዚያው ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ በመሰርሰሪያቸው በረዶውን በሱልን። ሣህሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ ክሩን ቀዳዳው ውስጥ ለቀቀ። ጥቂት ቆይቶም እየጮኸ አንድ ዓሣ አወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት።

«በሉ አንሡኝ!»

ጋሼ ኅሩይና እኔ በብብቱ ይዘን አቆምነው። ረጅም መሆኑን ረስቼው ነበር። እትዬ ኤልፍነሽ ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ።

«እትዬ፣ ቀጥ ብያለሁ? እማዬ እኮ ትከሻዬን ነው መጀመሪያ የምታየው።»

እትዬ ኤልፍነሽ አላነሡም። ካሜራውን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸውን አዞሩ።

ሣህሌ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኛን አየ።

«ጋሼ ኅሩይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከትናንት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጡኝም።»

ጋሼ ኅሩይ ክንዱን አጥብቀው ያዙት።

«እማዬ ናት። መቼ ነው?»

«ኅዳር ሃያ ስምንት፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ኅሩይ።

ክብደቱ ክንዴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ቀን እየቆጠረ ነበር።

«ዛሬ አርባዋ ነው» አለ። «አርባዋን በሳቅ አዋላችሁኝ።»

«ይቅር በለን» አልኩት። ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው ስል ያዘኝ። «አይ። ጸሎት ሳይደረግ አልቀመጥም።»

ጋሼ ኅሩይ ኮፍያቸውን አውልቀው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ሣህሌ እያለቀሰ እስከ መጨረሻው ቆመ። እግሮቹ አልነበሩም ያቆሙት፤ እኛም ብቻ አልነበርንም ብዬ አምናለሁ።

ከተቀመጠ በኋላ ሦስቱን ዓሣዎች ለሽማግሌው እንድሰጥ ነገረኝ። «አርባ ያለ ዝክር አይሆንም። የፀሐይወርቅ ነው በላቸው።» ወስጄ እንዳለኝ አልኳቸው። ሽማግሌው ስሙን ለመድገም ሞከሩ፤ ከዚያም ባርኔጣቸውን አነሡ።

ልንሄድ ስንል ሣህሌ እትዬ ኤልፍነሽን ጠራቸው።

«አሁን ያንሡኝ።»

«እንደገና እናቁምህ?» አልኩት።

«እንዳለሁ። ለእኅቴ ነው የምልከው፤ ወንበሩም በደንብ ይታይ። እማዬ እንደሆነች ካሁን በኋላ የምደብቃት ነገር የለም።»

እትዬ ኤልፍነሽ ዕንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ የወንበሩ መንኮራኩሮች ከፎቶው እንዳይቆረጡ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ አሉ።