ወደ ቀኝ የማትዞረው ፒክአፕ

አባቴ የፈረስ ነጋዴ ነበር፤ እኔም ፈረስ አውቃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ መኪና ስገዛ ጉድ የሠራኝ ይኸው ዕውቀቴ ስለሆነ ነው። ፈረስ የማያውቅ ሰው ቢሆን መካኒክ ለምኖ፣ ይዞ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ጋቢዬን ደርቤ፣ አለንጋዬን ይዤ፣ ብቻዬን ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አዎ፣ አለንጋ። ለምን እንደያዝኩት እስካሁን ለራሴም አልገባኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ጓሳ ጥግ፣ ከአውራጃው ከተማ ወደ ዋናው አስፋልት በሚወርደው የጠጠር መንገድ ዳር፣ ትንሽ መንደር ውስጥ ነበር። ገብስና የበግ ጠጉር እየገዛሁ፣ በአጋሰስ እያስጫንኩ እነግዳለሁ። መንዳት ቀደም ብዬ ከአንድ የመንገድ ሥራ ሾፌር ተምሬ፣ ፈቃዱንም አውጥቼ ነበር። የቀረኝ መኪናው ብቻ ነው።

በኛ አገር ፈረስ ሲሸጥ ሥርዓት አለው። ገዢው ስለ ነውሩ ይጠይቃል፤ ሻጩ በታቦት ምሎ ይመልሳል። የተጠየቀውን ዋሽቶ ከተገኘ ፈረሱን መልሶ ይቀበላል። ያልተጠየቀው ነውር ግን የገዢው ነው፤ ሽማግሌ ቢቀመጥም አይፈርድለትም። ስለዚህ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ አያልቅበትም።

ሻጩ ነጠላቸው የጸዳ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። ፒክአፗን ሁለት ጊዜ ዞርኳት። ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ጥርሷን የማይ ይመስል ኮፈኗን አስከፍቼ ወደ ውስጥ አጎነበስኩ። ምን እንዳየሁ እግዜር ይወቀው፤ ብቻ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ዳገት ላይ ትለግማለች?»

«በሚካኤል! አትለግምም።»

«ጭነት ትችላለች?»

«ያውም እንዴት አድርጋ!»

«በብርድ እንዴት ነች?»

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታስላለች፤ ሲሞቃት ይተዋታል» አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ።

ሐቀኝነታቸው ደስ አለኝ። ሽምጥ ያስጋልቧት አልኳቸው። የደብረ ብርሃን ሜዳ መቼም ዓይን እስኪደክም ለጥ ያለ ነው። ቀጥ አድርገው ወሰዷት፤ በግራ በኩል ሰፋ አድርገው ዞሩና ቀጥ አድርገው መለሷት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚያው ተመራርቀን ተለያየን። ወደ ቀኝ ትዞራለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ እስቲ ንገሩኝ፣ በየት አገር አለ?

የመጀመሪያው የቀኝ ጥምዝ ላይ ስደርስ ነገሩ ተገለጠልኝ። መሪውን አዞራለሁ፤ መሪው ይዞራል፤ መኪናዋ ግን እኔን አልመለከተችም። ደግሜ ባዞረው ከሥር አንድ ነገር ጓ አለና እያንገራገረች ትንሽ ዘንበል አለች። ቆምኩ፣ ወደ ኋላ አልኩ፣ እንደገና ሞከርኩ። ሌላው ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያልፈውን ጥምዝ እኔ እንደ እርሻ በሬ እየተመላለስኩ አለፍኩት። ዓለቱ ላይ የተቀመጡ ጭላዳዎች ሣር መንጨታቸውን ትተው አዩኝ። በሰው መሳቅ አይችሉም ያለ ማን ነው?

በሳምንቱ እሳት ለብሼ፣ እሳት ጎርሼ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ጮኼ ጮኼ ሲደክመኝ፣ «ወደ ቀኝ ስለ መዞሯ ጠይቀኸኛል?» አሉ።

«አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያማ» አሉና ጠላ ቀዱልኝ። ጠጥቼ፣ መርቄ ተመለስኩ። ሌላ ምን ላደርግ?

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ጋራዥ ሆነ። ደብረ ብርሃን ያለው መካኒክ ከሥሯ ተኝቶ ወጣና «ባራው ነው» አለ። ባራ ማለት መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ከአዲስ አበባ ተፈልጎ መጣ፤ ተገጠመ፤ ለጥቂት ሳምንት ሰው መሰለች። ከዚያ ጓ። «አሁን ደግሞ የመሪው ሳጥን ነው» አለ። ሳጥኑ ተቀየረ። ጓ! «አዲሱ ሳጥን ከአዲሱ ባራ ጋር አልተስማማም» አለኝ፣ የባልና ሚስት ጠብ እንደሚዳኝ ሰው ረጋ ብሎ። እኔም እንዳወቀ ሰው «እኔም ይህንኑ ጠርጥሬ ነበር» አልኩት። ምንም አልጠረጠርኩም። ያን ጊዜ ሳጥን የምለው የልብስ ሳጥን ብቻ ነበር።

ለእያንዳንዱ ጥገና የሚሸጡት ባለቤቴ ከእናቷ ቤት ይዛቸው የመጣች በጎች ነበሩ። አንድ ማለዳ በረት ውስጥ የቀሩትን በዓይኗ ቃኘችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የማውቀው በግ የሚበላ አውሬ ቀበሮ ነው። ይህን ባራ የሚሉትን ደግሞ ከየት አመጣህብን?» አለች። ሙክቴን እየጎተትኩ ወጣሁ።

ተሳፋሪዎቼም ለመዱኝ። የቀኝ ጥምዝ ሲመጣ ሳልነግራቸው ይወርዱና በእግራቸው ቆርጠው፣ ማዶ ቆመው ይጠብቁኛል። ያልወረዱት ከኋላ ሆነው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ፤ ሁለት ዲያቆናት ከተሳፈሩማ በዜማ ነው። አንድ አረጋዊ ቄስ ከመኪናዬ ወርደው ልብሳቸውን እያራገፉ፣ «ልጄ፣ አንተ ይህችን ከገዛህ ወዲህ የደብሩ ምእመን ጸሎት በረታ። ዋጋህን አታጣም» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ እጅ ነሣሁ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ባለቤቴ ወለደች። እናቷ እንደ ወጉ ልጃቸውን ሊያርሱ ከራቤል መጡ። አማቴ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ የሚናገሩትን መዝነው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። እቤት የቀረው የመጨረሻ ልጃቸው ነው፤ ገና ጢሙ ያልበቀለ፣ ግን ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ። እናቱ እኛ ዘንድ ሳሉ ራቤል ገበያ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። ወሬውን ያመጣልን በግ ነጋዴ ነው፤ ልጆቹ አውራጃው ከተማ ተሰብስበዋል፣ ነገ ጠዋት ይጫናሉ አለን።

አማቴ አልጮኹም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉና፣ «ሳልሰናበተው ነው የመጣሁ። ዓይኑን ልየው፣ መርቄ ልሸኘው፤ ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ከዚህ በቀር የጠየቁት ነገር የለም።

ባለቤቴ ከመደቡ ላይ ሆና «በፈረስ ውሰዳት፤ አሁኑኑ ተነሡ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ጎረቤቶች ደግሞ መኪኖቹ ማለፋቸው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ዳር ቆማችሁ ጠብቁ አሉ። ይኼኛው እንኳ የማይሆን ነው፤ ምልምል የጫነ መኪና ለሰው አይቆምም፣ አቧራውን አልብሶ ነው የሚያልፍ። እኔ ግን የተቆጣሁት በፈረሱ ነው። «መኪና እያለኝ አማቴን በፈረስ? ሰው ምን ይለኛል!» አልኩ። ሰው የሚለውንማ ሲለኝ ከርሟል።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አማቴ ከጎኔ ተቀመጡ፤ የበሶ ስልቻና ከበግ ጠጉር የተሠራ አዲስ ባና ታቅፈዋል። የጓሳ ጉም መንገዱ ላይ ተኝቷል። እያሳለች ተነሣች፤ ዳገቱን ወጣች፤ የግራውን ጥምዝ ሁሉ አሳምራ ዞረች። «ደግ ናት እኮ» አሉኝ አማቴ። ደረቴ ተነፋ። ይኸኔ አውራጃው ከተማ ሊታይ ትንሽ ሲቀረን፣ መንገዱ በዓለትና በገደል መካከል የሚጠብበት ቦታ የቀኝ ጥምዝ መጣ።

መሪውን ወደ ቀኝ ሰጠሁት። ጓ! የሚለውን ድምፅ ጠብቄ ነበር፤ ይህኛው ግን ቀጭ ነው ያለው። ከዚያ መሪው በእጄ ላይ እንደ እንዝርት ይሽከረከር ጀመር። ፒክአፗ በራሷ ፈቃድ ወደ ግራ ሄደች፤ አፍንጫዋን በግራው ዓለት ሥር ካለው ቦይ ውስጥ ሰካች፤ ቂጧን መንገዱ ላይ ጋረጠችና ቆመች። ግራው ገደል ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያወራችሁ ሰው አይኖርም ነበር። አማቴ አማትበው «ደረስን?» አሉኝ።

ልቤ ተሰበረ። ወርጄ ከሥሯ ገባሁ፤ ባራው ለሁለት ተከፍሏል። ሽቦ ፈለግሁ፣ ጠፍር ፈለግሁ፣ ሰደብኳት፣ ለመንኳት። አለንጋው ቢኖር እገርፋት ነበር። «በእግራችን እንሂድ፣ እማማ» ስላቸው ከላይ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ተጭነው መጡ ማለት ነው። አማቴ መንገዱ ላይ ተቀመጡ።

ሁለት የጭነት መኪኖች ጉሙን ቀደው ወጡ፤ ጥሩምባቸውን ነፉ፤ ቆሙ። መቆም ግድ ነው፤ በፒክአፔ በኩል ፍየል እንኳ አታልፍም። ካኪ የለበሰ ካድሬ ዘሎ ወረደና «ይህ አሻጥር ነው!» እያለ መጣብኝ። «ጓድ፣ አሻጥር ልሥራ ብላትም አትታዘዘኝም» አልኩትና መሪውን አሳየሁት። እሱም በእጁ አሽከረከረው፤ ደገመው። ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ካድሬ ነውና ዋጠው። «ምልምሎች ወርደው ይግፏት! አንተ ግባና ፍሬኑን ልቀቅ!» አለ።

ልጆቹ እየዘለሉ ወረዱ። አማቴ ተነሥተው በየፊቱ ይፈልጉ ጀመር። «እማ!» የሚል ድምፅ ከኋለኛው መኪና መጣ። ሮጦ ደረሰና አንገታቸው ሥር ተሸጎጠ። አንድ በዕድሜ የገፋ ጠባቂ ወታደር ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረላቸው።

ሌሎቹ «ሆ! ሆ!» እያሉ ፒክአፗን ወደ ኋላ ይገፋሉ። እኔ ውስጥ ነኝ፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ያለ የሌለ ጉልበቴን አሳርፌበታለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ሂጂልኝ ብዬ ስለምናት የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ቀን ብቻ «እባክሽ እንዳትሄጂ» አልኳት። ካድሬው «ፍሬኑን ልቀቅ!» ይላል፤ እኔ «ለቅቄአለሁ፣ ጓድ!» እላለሁ። በመስኮቱ አማቴን አያለሁ። ባናውን ትከሻው ላይ አለበሱት፤ ስልቻውን ክንዱ ላይ አሰሩለት፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ እጁን ሳሙት፤ እንትፍ እንትፍ እያሉ መረቁት። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ቆይ እለዋለሁ።

ካድሬው አያቸው። «አንተስ? ለለቅሶ ነው የመጣኸው?» ብሎ በትሩን ከፍ አደረገ። ልጁ እናቱን ቀስ አድርጎ ከደረቱ አላቀቀና መጣ። በመስኮቴ ሲያልፍ ወደ ውስጥ አየ፤ እግሬን አየው። ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ ልቀቀው። አሁን ከተናደደ እሷ እያየች ይመታኛል» አለኝ።

ከዚያ ባናውን እንደለበሰ ሄዶ ትከሻውን ለፒክአፗ ሰጣት። እኔም እግሬን አነሣሁ። እንደ ላባ ሄደች።

መንገዱ ተከፈተ። ልጆቹ ተጫኑ፤ መኪኖቹ ወረዱ። አማቴ ጉሙ እስኪውጣቸው ቆመው አዩና በእግራችን ተመለስን። ከብዙ መንገድ በኋላ፣ «አየኸው አይደል ልጄን?» አሉኝ።

መርዶው የመጣ በዓመቱ ነው። ራቤል ለቅሶ ቤት ሰው ሞልቶ፣ ወንዶቹ መደብ ላይ ተደርድረን፣ አማቴ መሐል መሬት ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ይናገራሉ። «ያን ሁሉ ጎረምሳ እምቢ ያለች መኪና፣ የኔ ልጅ ትከሻውን ቢሰጣት ሄደች። ብቻውን! አማቼ እዚያው ነበር፤ ጠይቁት» አሉ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

«እውነት ነው» አልኩ። «እሱ ሲነካት ነው የሄደችው።»