ሐጂ ድንጋይ የተሸከሙላት መነኩሲት

በቀደም የልጄን ልጅ ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ እጇን ስትታጠብ የዴቶል ሽታ አወደኝ። ወዲያው መካነ ሰላም፣ የካቶሊክ ደናግል ክሊኒክ፣ በጠዋት ፀሐይ የሚያበራው የቆርቆሮ ጣሪያ ፊቴ ድቅን አለ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤአለሁ፤ እናቴ ደግሞ ቀደም ብላ አርፋለች። ተስፋዬ ሁሉ በክሊኒኩ አዋላጅ መነኩሲት፣ በሲስተር ላይ ነበር። እኩያዬ ናት፤ በድህነት፣ በንጽሕናና በታዛዥነት ልትኖር ለፈጣሪዋ ቃል የገባች፣ ሳቋ ግን ከአጥር ውጭ የሚሰማ።

መውለጃዬ ሲቃረብ፣ ወደ ደቡብ እንድትዛወር ከማኅበሯ ታዘዘች። ቆዪልኝ ብዬ ለመንኳት፤ እጄን ይዛ እስከ ደጃፍ ሸኘችኝ። አከራዬ ሐጂ ይህን ሲሰሙ፣ አጥፍታ የተቀጣች መሰላቸው። በእኛ አገር ሰው በድንገት ከቦታው የሚነሣው ተጣልቶ ነውና፣ የደብሩን ቄስ ይዘው ወደ ደናግሉ ቤት ለእርቅ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ሐጂ በደጃፉ ላይ ‹ይቅር በሏት› ብለው ድንጋይ ተሸክመው ጎንበስ አሉ።

የደናግሉ እናት አለቃ ደነገጡ። ቅጣት እንዳልሆነ፣ በምትሄድበትም አገር አዋላጅ ያጡ እናቶች እንዳሉ አስረዱ። ሆኖም የሽማግሌው ማጎንበስ ስለ ከበዳቸው፣ ሲስተር ራሷ ከጠየቀች እንደሚያስቀሯት ተናገሩ።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ሆዴን አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከሐጂ ትከሻ አወረደች።

«አባቴ፣ አዛን ሲሰሙ ‹ትንሽ ቆይልኝ› ይሉታል?»

ሐጂ ቀና አሉ። ቄሱ ቀስ ብለው፣ «በሉ ሐጂ፣ ተረታን» አሏቸው። ሐጂም እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

በማግስቱ በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍራ ሄደች። ለስንብት ያለበስኳትን ነጠላ እንኳ ለክሊኒኩ ወላዶች ትታው ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዝውውር ፈርሜአለሁ፤ እንደዚያ የሄደ ሠራተኛ ግን አላየሁም። ያን ዕለት ግን ተቀይሜአት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ምጥ ያዘኝ። ሲስተር ያሠለጠነቻት የመንደሩ አዋላጅ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ «ማርያም በዪ» ትለኛለች። እኔ የምጠራው ሲስተርን ነበር።

ከበሩ ውጭ የተቀመጡት ሐጂ ጥሪዬን ሰሙ። በእሷ ፈንታ መለሱልኝ።

«አብሽሪ፣ ልጄ። አለን።»