የጋሼ ወርቁ ማስታወቂያ

ዛሬ ሃክኒ ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝና ሬዲዮ ትዝ አለኝ። አፍንጫዬም እንደ ባለቤቱ ጃጅቷል።

በወጣትነቴ እዚሁ ለንደን ለአንድ የሰፈር ሬዲዮ ማስታወቂያ እሸጥ ነበር። ጣቢያው ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መኪኖች እየተላተሙ የሚሽቀዳደሙበትን ውድድር ያስተላልፋል። ለውድድሩ አንድ ደንበኛ ካላመጣሁ ልባረር ነው። ኬንቲሽ ታውን ሄጄ ልብስ ሰፊውን ጋሼ ወርቁን ለመንኳቸው።

«ስሜን በግጭት መሃል ልታስጠራ? አንተ ሟርተኛ!»

«ማስታወቂያው መኪኖቹ ሲቆሙ ብቻ ነው የሚነበበው፣ ጋሼ።»

በዚህ ተስማሙ። ብልጠቴን እዩልኝ! መኪኖቹ የሚቆሙት ከባድ አደጋ ሲደርስ መሆኑን መች አውቄ።

ቅዳሜ ሱቃቸው ተቀምጠን ሰማን። ጓ! አለ፤ ተመልካቹ ጮኸ፤ ወዲያው የጋሼ ስም ተጠራ። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ጃኬቴን አነሳሁ። እሳቸው ግን መቀሳቸውን አስቀምጠው፣ «ሾፌሩ ተርፏል? ደውልና ጠይቅልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጓዳ ገብቼ ደወልኩ። አለቃዬን «ደንበኛችን ይቀጥላሉ» ብዬው ስለ ሾፌሩ ሳልጠይቅ ዘጋሁ።

«እህስ?» አሉ ጋሼ።

«ተርፏል» አልኳቸው።

ይትረፍ አይትረፍ እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርኩ።