ወደ ጎን የሚሄደው ድንጋይ

አዲስ የተፈለጠ ድንጋይ ሽታ አለው። ብዙ ሰው አያምነኝም፤ እኔ ግን ባለፈው ሰሞን አስኮ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ የመንገድ ሠራተኞች አለት በሚሰብሩበት በኩል ሳልፍ፣ ያ የተቃጠለ፣ ጨው ጨው የሚል አቧራ ገና ከአፍንጫዬ ሲደርስ የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው ልጄ ደም ግፊቴ የተነሳ መስሏት ውሃ ፍለጋ ሮጠች። እኔ ደግሞ ሳላስበው ጣቶቼን እያጠፍኩ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ያደግኩት ኮልፌ፣ ከቀራንዮ ዝቅ ብሎ በነበረ የድንጋይ ካባ ጥግ ነው። ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር፤ ዛሬ ዓለም ባንክ የምንለው ሁሉ ያኔ ማሳና የከብት መዋያ ነበር። ከተማው ውስጥ ፎቅ በተሠራ ቁጥር የእኛ ሰፈር ጉድጓድ እየሰፋ ይሄድ ነበር። አባባ የካባው ድማሚት አፈንጂ ነበሩ። አለቱን በስተው፣ ድማሚቱን ጠቅጥቀው፣ ክሩን ለኩሰው የሚሮጡት እሳቸው ስለነበሩ ቤት የተሰጠንም ከሰው ሁሉ ይልቅ ለካባው ቀርቦ ነበር፤ ከጉድጓዱ የሚለየን አንድ ረድፍ ባህር ዛፍ ብቻ ነበር።

እማዬ ጎመንና ድንች ተሸክማ በጠዋት ገበያ ትወርድና እስኪመሽ አትመለስም ነበር። ስለዚህ ቀን ቀን ታናሽ ወንድሜን ጌቱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስውል ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ይጥሉበታል፣ ለምሳ ስመጣ ደግሞ እኔ እረከበዋለሁ። ጌቱ በሁለት ዓመቱ ግራ እግሩን ልምሻ መትቶት በምርኩዝ ከአምስት እርምጃ በላይ አይራመድም ነበር። ከአልጋ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ የምወስደው በጀርባዬ አዝዬ ነው። እኔ አሥራ ሁለት፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እየከበደኝ መጥቶ ነበር፣ ግን ለማንም አልናገርም ነበር።

የድማሚቱ ሥርዓት የታወቀ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አባባ ፊሽካቸውን ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርገው ይነፋሉ፤ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ይገባል። እኔም ጌቱን አዝዬ አልጋ ሥር እገባለሁ፤ ከአልጋው በላይ የእህል ጆንያ ተቆልሎበታል። ከዚያ ጥበቃ ነው። ክሩ እየነደደ ወደ አለቱ ውስጥ ሲገባ የሚሰማ ነገር የለም፣ ወፍ እንኳ የምትጮህ አይመስለኝም ነበር፤ የጌቱ ልብ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። በመጨረሻ ምድር ትናጥና ጠጠሩ ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ እንደ ባቄላ ይበተናል። ጠጠር ሲሆን ደግ ነው። በፊተኛው ዓመት ግን ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ የእትዬ በላይነሽን ላም ከታሰረችበት ገድሏት ነበር።

አባባ የፈነዳውን ሁሉ ቆጥረው፣ አንድም እንዳልቀረ ሲያረጋግጡ ረጅሟን ፊሽካ ይነፋሉ። እስከዚያ ደጅ መውጣት የለም። ጠዋት ከቤት ሲወጡ «ዛሬ አራት ነው» ወይም «ዛሬ ስድስት ነው» ብለው ድማሚት የተጠቀጠቀበትን ቀዳዳ ብዛት ይነግሩን ነበር፤ የሚነግሩን እንድንቆጥር ሳይሆን እንዳንፈራ ነበር። «ረጅሟን ሳትሰሙ ደጅ የረገጠ፣ የእኔ ልጅ አይደለም» ይሉ ነበር።

ክረምት ሲገባ ካባው ውሃ ይሞላና ሥራው ይቆማል። አባባ ቤት መዋል አይሆንላቸውም፤ ዝናቡ ጋብ ሲል እኔንና ጌቱን ግቢው ውስጥ አሥር እርምጃ አራርቀው ያስቀምጡንና ከአጥሩ ጥግ ሆነው የጨርቅ ኳስ ሽቅብ ይወረውሩብናል። ኳሱ ሳይወርድ «የማን ነው?» ይላሉ፤ የእኔ ነው፣ አይደለም ብለን መመለስ አለብን። እኔ ገና ከእጃቸው ሲወጣ ተነስቼ እሮጥና ሁልጊዜ በትክክል ከሚያርፍበት እገኝ ነበር።

«አትሩጪ! የሚሮጥ ሰው አያይም» ይሉኛል። «ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የሚሄድ ድንጋይ ያንቺ አይደለም። ወደ ጎን ሳይል የቆመ መስሎ እየተለቀ የሚመጣው፣ እሱ ነው ያንቺ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ውጪለት፤ በቃ።»

«ወደ እኔ የሚመጣ ነገር እንዴት የቆመ ይመስላል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ወዴት ይዙር? መንገዱ አንቺ ነሽ።»

«በላዬ አልፎ ቢሄድስ?»

«ቢሄድ ምን ቸገረሽ፣ አንድ እርምጃ ነው የደከምሽው!»

ጌቱ በዚህ ጨዋታ ይበልጠኝ ነበር። መሮጥ ስለማይችል ተቀምጦ ያያል፣ አይቶ ይናገራል፣ ተናግሮ ወደ ጎን ይንከባለላል። እኔ ደግሞ እልኽ ይዞኝ ነሐሴ ሲያልቅ ተማርኩት። ሕጉ ገባኝ ብዬ ኮራሁ። የገባኝ ግን ግማሹ ነበር፤ ለእኔ የሚሆነው ግማሹ።

መስቀል ሲያልፍ ካባው ደረቀና ድማሚቱ ተጀመረ። በዚያ ዓመት የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ትምህርት ቤታችን ለምሳ ይለቀንና ሰባት ተኩል ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ የዘገየ ጠጠር ላይ ይንበረከካል፣ ሦስት ቀን ከዘገየ ወላጅ ያመጣል። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ጌቱን አልጋ ሥር ይዤ ረጅሟን ፊሽካ ስጠብቅ፣ ከዚያ ፀሐይ እንዲሞቅ ደጅ አውጥቼ ምሳውን ስሰጠው፣ ጊዜው ያልቅብኛል። አባባ ደግሞ ፍንዳታው ካለቀ በኋላም ብዙ ይቆያሉ። ጠጠሩ ጉልበቴን እየላጠው ሁለቴ ተንበረከኩ። ሦስተኛው ቢመጣ እማዬ ገበያዋን ትታ ልትመጣልኝ ነው፣ አባባ ደግሞ ለምን እንደዘገየሁ ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ኅዳር ላይ በራሴ መቁጠር ጀመርኩ። አራት ካሉ አራት ቆጥሬ፣ ፊሽካውን ሳልጠብቅ ጌቱን አዝዬ እወጣለሁ። መጀመሪያ ቀን እየፈራሁ ወጣሁ፤ ምንም አልሆነም። ታኅሣሥ ሙሉ ምንም አልሆነም። ጥር ሲገባ ፍርሃቱ ራሱ ለቀቀኝ፤ እንዲያውም አባባ ለምን እንደዚያ እንደሚንቀረፈፉ ይገርመኝ ጀመር። ጌቱ አንድ ቀን ብቻ «ፊሽካውስ?» አለኝ፤ «ዝም በል፣ ቆጥሬያለሁ» አልኩት።

ያላሰብኩት ነገር ካባው ራሱ እየተለወጠ መሆኑን ነው። በጋው በገፋ ቁጥር ጉድጓዱ እየጠለቀ፣ በወዲያኛው በኩል እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ያለ አለት እየቆመ ሄደ። የካቲት ላይ ያ አለት ድምፅ መመለስ ጀምሮ ነበር። አባባ ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህም ከበፊቱ ይበልጥ ይቆዩ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት «ዛሬ አምስት ነው» ብለው ወጡ። ቀኑ ጠራራ ነበር። ሁለቱ አጭር ፊሽካ ተሰማ፤ ገባን። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ከሁሉ የከፋ ነበርና የአልጋው እግር ተነቃነቀ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ቀለል ያለ፣ ራቅ ያለ ድምፅ መጣ። ጆሮዬ ተጠራጥሮ ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን ጊዜው ሄዶብኝ ነበርና «አምስት» ብዬ ጌቱን አዝዬ ወጣሁ፤ ግቢው መሀል በርጩማው ላይ አስቀምጬው ምሳውን ላመጣ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሳህኑን ይዤ ደፉ ላይ ስደርስ አምስተኛው ፈነዳ። ቀድሞ የቆጠርኩት አለቱ የመለሰውን የአራተኛውን ድምፅ ኖሯል፤ የአምስተኛው ክር እርጥበት ይዞት ነው የዘገየው፣ በኋላ እንደተነገረን። ከባህር ዛፎቹ በላይ ጥቁር ድንጋይ እንደ ወፍ መንጋ ተነሳ። አብዛኛው ወደ ታች ወደ ወንዙ ሄደ፤ አንዱ ብቻ ከፍ ብሎ ወደ እኛ ዞረ። አልሮጥኩም። እንደተማርኩት አየሁት። ቀስ ብሎ ወደ ቀኜ ይሄድ ነበር፤ ወደ ጎን። የእኔ አይደለም አልኩ፣ ሰውነቴም በአንዴ ቀለለኝ፤ ተንፈስ ስል እንኳ ይታወሰኛል።

ጌቱ የተቀመጠው በቀኜ በኩል ነበር።

የቀረውን ግማሽ የተማርኩት ያኔ ነው። ከእኔ ዓይን ወደ ጎን የሚሄደው ድንጋይ በእሱ ዓይን ቆሟል። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ፤ ሮጬ እንዳልደርስ ሩቅ ነው፣ «ሽሽ» እንዳልለው እግር የለውም። ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ «ጌቱ፣ እየው! እየውና ተንከባለል!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ግን ቀድሞ ቀና ብሎ ነበር። ትንሽ አንገቱ፣ ወደ ላይ የተቃና ፊቱ፣ አሁንም ይታየኛል። «ቆሟል» አለ፤ አልጮኸም፣ ክረምት ላይ ለኳሱ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ከዚያ ራሱን ወደ ጎን ጣለ። በርጩማው ሦስት ቦታ ተሰበረ። አቧራው ሲገለጥ ጌቱ አፈር ላይ በሆዱ ተኝቶ ይስቅ ይሁን ያለቅስ አልለይ አለኝ።

አባባ በባህር ዛፉ መሀል እየሮጡ መጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ጌቱን አንስተው ራሱን፣ እጁን፣ ጀርባውን ዳበሱና ደህና መሆኑን ሲያውቁ አፈሩ ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ማነው ያወጣው?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። አፌን ልከፍት ነበር፣ ቢያንስ ልከፍት ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ጌቱ ቀደመኝ።

«በራሴ ነው የወጣሁት» አለ።

ምርኩዙ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይታይ ነበር። አባባ አዩት አላዩት አላውቅም። ጌቱ በሕይወቱ ተመትቶ አያውቅም፤ እግሩን አይቶ ሰው ሁሉ ይራራለት ነበር፣ እሱ የሰበረውን ሁሉ የምቀጣበት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን አባባ ቀበቶአቸውን ፈትተው ሦስት ጊዜ መቱት፣ ከዚያ ቀበቶውን ወርውረው መሬት ተቀመጡና አለቀሱ። እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። በበልጉ ዝናብ ቀበቶው የተወረወረበት ቦታ ሣር ከበቀለበት በኋላ እንኳ በዚያ በኩል ማለፍ ያስጠላኝ ነበር።

አባባ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ካባውም ተሞልቶ ቤት ተሠርቶበታል። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ፣ የተወረወረ ነገር ከተነሳበት እስከሚያርፍበት የሚሄድበትን መንገድ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ይወዱት ነበር፤ እኔ ግን በርጩማው እስኪሰበር ድረስ ብቻ ነበር የምነግራቸው። ቀበቶውን አልነገርኳቸውም። የእኔ አይደለም ብዬ እንደቀለለኝም አልነገርኳቸውም።

ከአስኮ በተመለስኩ ማግስት ጌቱ ሰዓት ከሚጠግንበት ሱቅ ሄጄ ሁለቱንም ነገርኩት። ማጉያውን ከዓይኑ አውርዶ እስክጨርስ ሰማኝ። «ቀለለኝ ያልሽውን ተይው፣ ማን አይቀለውም» አለ። በእኔ ጥፋት ስለተመታበት ቀበቶ ስነግረው ግን ሳቀ።

«አንቺን ላድን መስሎሻል? ኧረ እኔስ ለራሴ ነው! እስከዚያ ቀን የሚያወጣኝም ሰው፣ የሚያስገባኝም ሰው ነበር። አባባ ማነው ያወጣው ሲሉ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ያጠፋ ልጅ መሆን አማረኝ። ሲመቱኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታውቂ!»

ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። እኔም ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ እሱን አዝዬ ስወጣና ስገባ፣ ስለ ጌቱ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ስልሳ ካለፈኝ በኋላ፣ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ምን ሲያይ እንደነበር ገና መጠየቅ መጀመሬ ነው።