የማንም ወገን ያልሆነው ሰው

የቦሌው ትምህርት ቤታችን እንዴት እንደሚተዳደር በገለልተኝነት ሊመረምር የተላከው ሰው በርዕሰ መምህሩ መኪና መጣ። የሸሚዙ ኮሌታ ነትቦ፣ ተገልብጦ የተሰፋ ነው። ርዕሰ መምህሩን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ሳትፈሩ ተናገሩ፤ እኔ የማንም ወገን አይደለሁም» አለን። ነፃነቱ ስለበዛብን ዝም አልን።

ምንትዋብ ግን ተነሳች። «ጓድ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተሰብስቦ አያውቅም። በየወሩ ቃለ ጉባኤው ላይ አባቴ ፈርሟል ይባላል፤ አባቴ ከታሰረ ዓመት አልፎታል።»

ርዕሰ መምህሩ ስሟን ሊመዘግብ እስክሪብቶ አወጣ። እንግዳው ሲጽፍበት የቆየውን የራሱን እስክሪብቶ ኪሱ ከተተና፣ «ጓድ፣ የእኔ ቀለሙ አለቀ፤ የእርስዎን ያውሱኝ» ብሎ ተቀበለው። «ቅሬታ ያቀረበ ተማሪ የለም» ብሎም ጻፈበት።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

እስክሪብቶውን ሳይመልስ ሄደ።