ለበረዶው ያልጨመርኩት ጨው

ታናሽ እህቴ ቢጠና በምትባል ከተማ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር እኔ ወዳለሁበት ሶዶ ከመጣች በኋላ የትምህርት ፈቃዷ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ መብራቱ አልመጣም። በረዶ ፈልግልኝ።"

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ለጥናቷ የምትሠራው ቀለም መጀመሪያ ፈሳሽ ሆኖ ይዘጋጃል፤ ፈሳሹ ከዜሮ በታች ካልተያዘ ይበላሻል። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቴም ከሽፎባታል። ከአዲስ አበባ ያስመጣችው የቀለሙ መሥሪያ ዱቄት የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። መብራት ብትጠብቅ ቀሪው ሥራ አይደርስላትም፤ ካልደረሰ ደግሞ ያለ ዲግሪ ወደ ቢጠና መመለሷ ነው።

የጁስ ቤቶቹ በረዶ ቀልጦ አልቋል። አንዲት አሣ ነጋዴ ግን ጠዋት ከአባያ ሐይቅ ከአሣው ጋር የመጣ በረዶ ነበራት።

"አሣ ሳይፈልግ በረዶ የሚለምን ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለችኝ። "ሬሳ ልታቆይበት ነው?"

"ለእህቴ ትምህርት ነው።"

"በረዶ ደግሞ ምን ያስተምራል?"

ነገሩን በወላይትኛ ሳስረዳት ሳቋን ተወች። ግማሹን በፎም ሣጥን ሞላችልኝና ባጃጁ ሲነሳ "አሣዬ ከሸተተ አንተ ነህ የምትበላው!" ብላ ጮኸችብኝ።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነበርን። እህቴ በረዶውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ በመዶሻ ሰባበረችው። ከፊሉን ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ከረጢቱን አለበሰችው፤ የቀረውን ሳፋ ውስጥ አድርጋ ጨው በተነችበት፤ መሐሉ ላይ የብርጭቆ ዕቃዋን አስቀመጠች። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ስምንት ወረደ። ዱቄቱን ባሟሟችበት ፈሳሽ ላይ ሌላ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ስትጨምር ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። እየጸለየች እንደሆነ ከከንፈሯ አወቅኩ።

የሚቀጥለው ኬሚካል ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ያልነበረው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ መጣ ብለው በስልክ ሲነግሯት፣ ያለ እሷ ፊርማ ስለማይሰጥ ልትሮጥ ተነሳች።

"ወደ ዜሮ ከተጠጋ በረዶና ጨው ጨምርበት። ሁለቱንም። እሺ ጋሼ?"

"እሺ።"

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ጎርፍም፣ የመኪና አደጋም፣ የፍርድ ቤት ለቅሶም ዘግቤያለሁ። ያየሁትንም አምናለሁ። ያን ቀን ያየሁት ደግሞ ጨው የነካው በረዶ ዓይኔ እያየ ውኃ ሲሆን ነው። ሶዶን ስዞር ሌላ በረዶ እንደሌለ አረጋግጫለሁ። ጨው ባበዛበት እሷ ሳትመለስ የሚያልቅ መሰለኝ። ስለዚህ በረዶ ብቻ፣ ያንንም እየቆጠብኩ ጨመርኩ።

ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ዜሮ አሳየ። ደወልኩላት፤ ስልኳ አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ ጠራ። ጨው የያዘውን ኩባያ አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወጣ። ከፈሳሹ ሥር ትናንሽ አረፋዎች መነሳት ጀመሩ። ቢጫው ጠቆር አለ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ።

የኬሚካሉን ጠርሙስ አቅፋ እየሮጠች ገባች። ጠረጴዛው ጋ ሳትደርስ ቆመች።

"በረዶው አነሰ፣ አይደል?" አለችኝ።

አዎ ብላት ታምነኝ ነበር። ሣጥኑ ግን ከረጢት እንደለበሰ አጠገቤ ነበር፤ ከግማሽ በላይ በረዶ አለበት።

"አላነሰም። ጨው አልጨመርኩም። በረዶውን የሚጨርሰው መስሎኝ።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ለተማሪዎቿ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ይጨርሰዋል እኮ። ሲቀልጥ ነው ሙቀቱን ከፈሳሹ የሚወስድልኝ። እንዲቀልጥ ነበር የፈለግኩት።"

"ከዱቄቱ ትንሽም አልቀረ?"

"አልቀረም።"

ከዚያ ከረጢቱን ገፈፈችና የቀረውን በረዶ በሙሉ ሳፋው ውስጥ ገለበጠችው። ጨውን ከነኩባያው ደፋችበት፤ በባዶ እጇ አማሰለችው፤ ጣቶቿ ቀሉ። ቡናማው ፈሳሽ እንዳለ መሐሉ ተቀምጧል። ቴርሞሜትሩ ወደ ዜሮ ወረደ፣ አለፈ፣ አምስት፣ ስምንት፣ ከዜሮ በታች አሥር ደርሶ ቆመ።

"ተመልከት" አለችኝ።

ቁጥሩን ተመለከትኩ። እጇን ግን ከበረዶው አላወጣችም።