የዋስፊ ዘይትና የአይጦቹ ውሃ

ጎረቤቴ ዋስፊ እዚህ ግብፅ፣ አስዩት ከተማ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ እየጨመቀ ዘይቱን ይሸጣል። ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው። ከደንበኞቹ አንዷ የዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር ኒቪን ናት። ጄንታማይሲን የሚባለው የኢንፌክሽን መርፌ ኩላሊት ስለሚጎዳ፣ እሷ አይጦችን መርፌውን ትወጋና ዘይቱን ታጠጣቸዋለች። አንድ ቀን ዘይት የጠጡት ጉዳታቸው ቀለል ማለቱን ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ዋስፊ ይህንን ሳያወራ ጠርሙስ አይከድንም።

በዐቢይ ጾም መካከል እግሩ ላይ የነበረ ቁስል አመረቀዘና ሐኪም ያንኑ መርፌ አዘዘለት፤ ውሃ በደንብ ጠጣም አለው። ዋስፊ ግን እንደ ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይውላል። ማታ አንድ ማንኪያ ዘይት ይጠጣና «ጠባቂዬ ይኸው» ይላል።

ብዙም ሳይቆይ ሽንቱ አነሰ፤ ዐይኑ ጎደጎደ። ዶክተር ኒቪን ዘይት ልትገዛ ስትመጣ ሚስቱ ዲምያና ሁሉንም ዘረገፈችላት።

«ጋሽ ዋስፊ፣ ውሃ ይጠጣሉ?» አለችው ዶክተሯ።

«ጾም ነው እኮ ልጄ። ዘይቱን ግን አላቋረጥኩም፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«የነገርኩዎት ስለ አይጦች ነው። በሰው ገና አልታየም። አይጦቼ ደግሞ ውሃ አይለያቸውም፤ አይጾሙማ።»

«ከዚህ ሰውዬስ እነሱ ይሻላሉ» አለች ዲምያና።

የዚያኑ ዕለት ደሙ ሲመረመር ኩላሊቱ መጎዳት ጀምሮ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረለትና ውሃውን አጥብቆ አዘዘው፤ ችላ ካለ ኩላሊቱ ላይመለስ እንደሚችል አልደበቀውም። ዋስፊ ግን ያለ ቄሳችን አቡና ባኩም ፈቃድ አልጠጣም ብሎ ቁጭ አለ። ዲምያና እየሮጠች ቄሱን ጠራቻቸው።

«ጾሙን ማን አዘዘህ?» አሉት።

«ቤተ ክርስቲያን፣ አባታችን።»

«እኔስ ከየት የመጣሁ ይመስልሃል? ጠጣ።»

በገዛ እጃቸው ቀድተው ሰጡት፤ እስኪጨርስም ቆመው ጠበቁ።

እስከ ትንሣኤ ድረስ በቀትር መጭመቂያው አጠገብ ተቀምጦ ሲጠጣ ይታይ ነበር። «ዋስፊ፣ ጾሙን ተውከው?» ሲሉት፣ «የዶክተሯ አይጥ ሆኛለሁ» ይላል። ከበዓሉ በኋላ ሐኪሙ ኩላሊትህ አገግሟል አለው፤ ተመስገን ነው።

ዛሬም ስለ ዘይቱ ያወራል። ግን «መርፌ ከታዘዘልህ ሐኪምህን ሳትጠይቅ ይህን አትቅመስ፤ ውሃህንም አትርሳ» ይላል። ጠርሙሱን የሚከድነው ከዚያ በኋላ ነው።